የአያትዎን ሽጉጥ አያስወልውሉ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ስለ ድሮ የጦር ሽጉጦች ነው። ከቤተሰብ የተወረሰ ብረት እንዴት እንደሚታይና ዋጋው እንዴት እንደሚገመት ይመክራል። ለእኔ የላከልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ከድሬዳዋ ደውሎ «አቦ አንብበው፣ የአያታችንን ሽጉጥ ያየ ሰው ነው የጻፈው የሚመስለው» አለኝ። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሳልመልስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ ያስታውቃል። ግን ምክራቸውን የተከተለ ሰው ዕቃውን ያበላሻል፣ ያውም በማይመለስ መንገድ። ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ያረጀ ሽጉጥ ተወልውሎ ኒኬል ቢነከር ዋጋው ይጨምራል። ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ዕድሜውን ይናገራል፣ ባረጀ ቁጥርም ይወደዳል። «አር» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያሉበት የጣሊያን ሽጉጥ ከንጉሥ ቤት የወጣ ነው፣ ብዙዎቹም የዓድዋ ምርኮ ናቸው። አንድ ነገር የጎደለው ሽጉጥ ዋጋ የለውም። ደህና መሆኑ የሚታወቀው ተተኩሶ ነው። ዋጋውን ለማወቅ የውጭ አገር የሐራጅ ዋጋ በብር ማባዛት ይበቃል። ታሪኩን በተመለከተ ደግሞ የባለቤቱ ቃል በቂ ነው።

የሚያመኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

አያቴ ሐረር ነው የኖረው፣ ከሸዋ በር ብዙ ሳይርቅ። ሲሞት አንድ የጣሊያን ቤሬታ ትቶ ሄደ። ሞዴል 1934 የሚባለው፣ ሰባት ጥይት የሚጎርሰው አጭር ሽጉጥ። በሕጉ መሠረት ፈቃዱ ተዛውሮ ለትልቁ አጎቴ ደረሰ። አጎቴ ድሬዳዋ ከዚራ ይኖር ነበር። ብረቱ ቡናማ መልክ ይዟል። አፈሙዙ አካባቢ ጥቁሩ ቀለም ለቆ ነጭ ብረት ይታያል። አጎቴ አሳዘነውና አንድ ብረት ሠራተኛ ጋ ወሰደው። ሰውየው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። ከዚያ ኒኬል ነከረው። ሲመለስ እንደ መስታወት ያበራል። ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ አደነቀ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ፊቴን አይቼበታለሁ።

ምን እንዳጣን የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። በዚህ ሽጉጥ ላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ፋብሪካው ብዙ ነገር ጽፎ ነበር። የቤሬታ ስም፣ የጥይቱ መጠን፣ ሞዴሉ፣ የተሠራባት የጋርዶኔ ከተማ ስም፣ የተሠራበት ዓመት። የእኛው ላይ ዛሬ የሚነበበው የከተማዋ ስም ግማሽና «19» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። የዓመቱ ሁለት የመጨረሻ አሃዞች የሉም። 1935 ይሁን 1940 በዓይን መለየት አይቻልም። አያቴ ሽጉጡን መቼ እንዳገኘው የሚናገረውን ቃል የምናመሳክርበት ጽሑፍ እዚያ ብረት ላይ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አለቀ።

ሰብሳቢዎች የድሮ ሽጉጥ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ያበራል ወይ?» ብለው አይደለም። «ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረበት ስንቱ ቀርቷል?» ነው የሚሉት። የቀረውን የፋብሪካ ቀለም በመቶኛ ያስቀምጡታል። ያ ጥቁር ቀለም ደግሞ ከላይ የተቀባ አይደለም። የብረቱ ገጽ ራሱ በኬሚካል እንዲጠቁር ተደርጎ የሚገኝ በጣም ስስ ንጣፍ ነው። አንዴ ከተፋቀ ሌላ ሰው መልሶ ሊያጠቁረው ይችላል፣ የፋብሪካው ግን አይመለስም። ለዚህ ነው ግማሽ ቀለሙ የለቀቀ፣ ግን ማንም ያልነካው ሽጉጥ አዲስ ከተነከረው ይልቅ የሚፈለገው።

የተወለወለ ሽጉጥ እንዴት ይለያል? ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። በድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠራ ሰው ነበር። ብረት ሲሰጡት ሁልጊዜ ጠርዙን ነበር የሚያየው። የፋብሪካ ጠርዝ ስል ነው። የተወለወለ ጠርዝ በአገልግሎት እንዳለቀ ሳሙና ይዶለዱማል። ፊደላቱን በጣት ጥፍር ይዳስሱ። ፋብሪካ የመታው ፊደል ጥልቀቱ እኩል ነው። የተፋቀበት ግን አንዱ ጫፍ ጥልቅ፣ ሌላው ጫፍ ሊጠፋ የደረሰ ይሆናል። የብሎን ቀዳዳዎችን ይዩ። ዙሪያቸው እንደ ሳህን ጎድጎድ ካለ መወልወያ አልፎበታል። ከሚያበራው ቀለም ሥር ትንንሽ የዝገት ጉድጓዶች ካሉም ቀለሙ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ሽጉጡን መስኮት አጠገብ ወስዶ ብርሃኑን በአግድም ማስመታት ነው። ቀጥታ ብርሃን ብዙ ነገር ይደብቃል።

ትክክለኛ እርጅና የራሱ ቦታ አለው። አፈሙዙ ላይ ይታያል፣ ምክንያቱም ከማኅደሩ ሲወጣና ሲገባ ይፋተጋል። በማዕዘኖቹና በእጀታው ጀርባም ይታያል፣ እጅ ስለሚይዘው። ቀለሙ በሌላ ቦታ ደህና ሆኖ እዚህ እዚህ ብቻ ሲለቅ ደስ ይበልዎ። ያ ሽጉጥ ሰው ወገብ ላይ ኖሯል ማለት ነው።

ዝገት አይነካ እያልኩ አይደለም። ጣት ላይ ቀይ ዱቄት የሚተው ዝገት ብረቱን እየበላ ነውና መቆም አለበት። ለእሱ ግን ቀጭን የማሽን ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃል። ዘይቱን ቀብቶ ማሳደር፣ በነጋታው መጥረግ፣ እንደገና መቀባት። እኩል ሆኖ የተኛውን ቡናማ መልክ ግን ይተዉት። ደግሞ ሽጉጡን በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አያኑሩ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። አያቴ ለዓመታት ያስቀመጠው እንደዚያ ነበር፣ ቡናማ መልኩም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ማኅደሩን ግን አይጣሉት። ኦርጅናሌ ማኅደር ለብቻው ዋጋ አለው። ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

ወደ ዓመቱ ልምጣ። ጸሐፊው «1937 የሚል የተጻፈበት ሽጉጥ የ1937 ዓ.ም. ነው» ብለው ዕድሜውን በእኛ አቆጣጠር አስልተዋል። ይህ ስህተት ብዙ ቤት ውስጥ አለ። በጣሊያን ሽጉጥ ላይ ያለው ዓመት የአውሮፓውያን ነው። 1937 በእኛ 1929 ወይም የ1930 መጀመሪያ ነው። ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆንም ለታሪኩ ትልቅ ነው። በእኛ 1937 እኮ ጣሊያን ከሐረር ከወጣ አራት ዓመት ሆኖታል።

በዚያ ላይ ሞዴሉና የተሠራበት ዓመት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ሞዴል 1934» ማለት ንድፉ የ1934 ነው ማለት ነው። ሽጉጡ ከጦርነቱ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። ስለዚህ ከሞዴሉ ቁጥር ዕድሜ ማስላት አይሆንም። የተሠራበት ዓመት ለብቻው ነው የሚጻፈው፣ በፋሺስቶች ጊዜ በተሠሩት ላይ ከአጠገቡም የሮማውያን ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ የሚቆጠር የፋሺስት ዘመን ነው። ማመሳከሪያ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ከተጻፈው ዓመት 1922ን ይቀንሱ። 1937 ከሆነ 15 ይመጣል፣ በሮማውያን ቁጥርም 15 ተጽፎ መገኘት አለበት። ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ የተሠራ ከሆነ አንድ ይጨምራል። ሁለቱ በብዙ ከተራራቁ አንድ ሰው ብረቱ ላይ በኋላ ጽፎበታል ብሎ መጠርጠር ነው።

«ባረጀ ቁጥር ይወደዳል» የሚለውም አይሠራም። ዋጋ የሚያወጣው ስንቱ ተሠርቶ ስንቱ መትረፉ፣ በምን ሁኔታ ላይ መሆኑና ፈላጊው ነው። በምሥራቅ አገራችን የፈረንሳይ ሞዴል 1892 ሪቮልቨር፣ ጥይቱን በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚይዘው ሽጉጥ፣ ሊያጋጥም ይችላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የፈረንሳይ ዕቃ የሚገባበት በር ሰፍቷል። ይህ ሪቮልቨር ከቤሬታው ንድፍ በ42 ዓመት ይቀድማል። ግን የተሠራው በብዛት ነው፣ የስፔን ቅጂዎችም አሉት። የፈረንሳዩ የሴንት ኤትየን ፋብሪካ የሠራው በርሜሉ ላይ የተሠራበትን ዓመት ይዟል። የስፔኑን ቅጂ እንደ ፈረንሳይ አድርጎ የገዛ ሰው ዕድሜውን ቢቆጥር ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ስለ ሁለቱ ፊደላት። ጸሐፊው «የንጉሥ ቤት» ብለው የተረጎሟቸው ፊደላት «ሬጂዮ ኤዘርቺቶ» የሚለው አጻጻፍ ምህጻር ናቸው። «የንጉሣዊው ጦር ሠራዊት» ማለት ነው። የመንግሥት ንብረትነት ምልክት እንጂ የቤተ መንግሥት ማህተም አይደለም። ለጦሩ የታደለ ሽጉጥ ይህ ምልክት አለው። ስለዚህ ምልክቱ መኖሩ ጥሩ ነው፣ የጦር ዕቃ መሆኑን ያረጋግጣል። ብርቅ ግን አያደርገውም። ለባሕር ኃይልና ለአየር ኃይል የተሰጡት ሌላ ምልክት ነው ያላቸው። ለፖሊስ የተሰጡትም እንደዚሁ። የእነዚህ ቁጥር ከምድር ጦሩ ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢዎች የበለጠ ይፈልጓቸዋል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ አንባቢውን በእውነት በጠቀሙት ነበር።

የዓድዋው ነገር ደግሞ በፍጹም አይሆንም። ዓድዋ 1888 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓ 1896። ሞዴል 1934 የሚመጣው ከ38 ዓመት በኋላ ነው። የዓድዋ ምርኮ ሊሆን የሚችል የጣሊያን ሽጉጥ ካለ ቦዴዮ የሚባለው ሞዴል 1889 ሪቮልቨር ነው፣ ስድስት ጥይት የሚይዘው። እሱም ቢሆን ከዓድዋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለተሠራ የተሠራበትን ዓመት ማየት ግድ ነው።

እኛ በሐረርና በድሬዳዋ ያለን ሰዎች የራሳችን ቀኖች አሉን፣ ታሪክ የምናመሳክርባቸው። የጣሊያን ጦር ሐረር የገባው ሚያዝያ 30 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓ 1936። ድሬዳዋ በማግሥቱ። የእንግሊዝ ጦር ሐረርን የያዘው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋን መጋቢት 20፣ በአውሮፓ 1941። እንግዲህ አንድ ሰው «ይህን ሽጉጥ አባቴ ሐረር ላይ ከጣሊያን መኮንን ማረከው» ካለና ሽጉጡ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር 1942 ከተጻፈበት፣ ታሪኩ ለዚህ ሽጉጥ አይሆንም። 1941 ከተጻፈበትም በጣም ያጠራጥራል። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦርነት ከገባች በኋላ የስዊዝ መንገድ ተዘግቶባት ነበርና ዕቃ ወደዚህ ማድረስ ከብዷታል። 1935 ወይም 1936 ከሆነ ግን ታሪኩ በደንብ ይገጥማል። አሁን አጎቴ ምን እንዳስፋቀ ገባዎት? ይህችን ነው።

«የጎደለው ርካሽ ነው» ወደሚለው ልለፍ። ሲጎድል ዋጋ ይቀንሳል፣ ልክ ናቸው። ችግሩ ጸሐፊው እንደ ጉድለት የቆጠሯቸው ነገሮች ናቸው። «በርሜሉ ከላይ የተጋለጠ፣ ክዳኑ የተቆረጠ ቤሬታ አይግዙ» ይላሉ። ቤሬታ 1934 እኮ ሲፈጠር እንደዚያ ነው። ላይኛው ብረት ከላይ ክፍት ነው፣ በርሜሉ ይታያል። ማንም አልቆረጠውም። «የምላጭ ጠባቂ ቀለበቱ የወደቀበት የጣሊያን ሪቮልቨር» ያሉትም ለወታደር የተሠራው ቦዴዮ ነው። በርሜሉ ባለ ስምንት ጎን ነው፣ ምላጩ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ቀለበት ኖሮት አያውቅም። ቀለበት ያለው የመኮንኖቹ ነው። «መምቻው ጭራው የተሰበረበት የእንግሊዝ ሪቮልቨር» የሚሉትም እንዲሁ። ኤንፊልድ ቁጥር 2 የሚባለው ሽጉጥ ከ1938 ጀምሮ መምቻው ያለ ጭራ የተሠራ ዓይነት አለው። ታንክ ውስጥ ያለ ወታደር ሲወጣና ሲገባ ልብሱን እንዳይዝበት ነው። ሦስቱም ሙሉ ናቸው። በዚህ ምክር የተነሳ ሰው ጤነኛ ሽጉጥ ወስዶ ቀለበት ቢያስበይድበት ማን ይጠየቃል?

እውነተኛው ጉድለት የሚገኘው ቁጥሮቹ ላይ ነው፣ ጸሐፊው ደግሞ ስለ እሱ አንድም ቃል አላሉም። ቤሬታው ላይ መለያ ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ በላይኛው ብረትና በታችኛው አካል ላይ ተመቷል። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠሙ ሁለት ሽጉጥ አንድ ላይ ተገጣጥሟል ማለት ነው፣ ዋጋውም በእጅጉ ይወርዳል። በጀርመኑ ፓራቤለም ሽጉጥ ነገሩ የባሰ ጥብቅ ነው። የቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በትንንሾቹ ክፍሎች ላይ ሳይቀር ስለሚገኙ ሰብሳቢ አንድ በአንድ ይመረምራቸዋል። እጀታውንም ይዩት። የቤሬታው ኦርጅናሌ ጥቁር ነው፣ የፋብሪካው ምልክት አለበት። ካዝናውም ዋጋ ላይ ይገባል።

እዚህ ጋ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ። አገር ቤት የተሠራ የቀንድ ወይም የእንጨት እጀታ ያለው ሽጉጥ «ታሪክ አለው» ብለዋል። አዎ አለው። የውጭ ሰብሳቢ ሊያጣጥለው ይችላል። ለእኛ ግን አንድ አርበኛ ወይም ልጁ ቀንድ ጠርቦ የገጠመው እጀታ፣ ስሙን በፊደላችን የቀረጸበት ከሆነ፣ ከጣሊያኑ ፕላስቲክ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን አውልቆ ከውጭ በመጣ እጀታ መተካት ሌላ ጥፋት ነው።

ስለ መተኮሱ ረጅም ነገር አያስፈልግም። አይተኩሱት። አብዛኛው ሰማንያ ዓመት ያለፈው ነው። በርሜሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም። ጥይቱም የራሱ ጣጣ አለው። ግሊሴንቲ የሚባለውን ሞዴል 1910 የጣሊያን ሽጉጥ ይውሰዱ። የጥይቱ መጠን ከተለመደው ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት ጋር አንድ ነው፣ ስለዚህ ፓራቤለሙ ይገባለታል። ሽጉጡ ግን የተሠራው ለደካማ ባሩድ ነው። ጠንካራውን ሲያጎርሱት ሊፈነዳ ይችላል። «ተኩሶ መሞከር ነው» የሚለው ምክር እጅ ያስቆርጣል። ብረቱን ለመመርመር ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ በርሜሉ ውስጥ ጥይት አለመቅረቱን በዓይን ማየት ነው። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ለሚያውቅ ይስጥ። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ከኋላ ነጭ ወረቀት አድርጎ በርሜሉን ማየት ይቻላል። ጥምዝ መስመሮቹ በግልጽ ከታዩ ደህና ነው። መሐል ላይ እንደ ቀለበት የጠቆረ ጥላ ካለ በርሜሉ አብጧል።

የዋጋው ስሌት ከሁሉ ይልቅ ሰው ላይ ችግር የሚያመጣ ነው። በውጭ ሐራጅ ላይ የሚታየው ዋጋ የዚያን አገር ሕግ ይዞ ነው የሚመጣው። በአሜሪካ ለምሳሌ ከ1899 በፊት የተሠራ መሣሪያ በሕግ «ጥንታዊ» ተብሎ ለብቻ ይታያል። እዚያ ያለው ገዢ ለዚያ ነፃነትም ጭምር ነው የሚከፍለው። ያ ገዢ ቀፊራ ገበያ የለም። እኛ አገር ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መያዝም ማሻሻጥም አይቻልም። ታሪካዊ ዋጋ ያለው ዕቃ ከሆነ የቅርስ አዋጁም ይመለከተዋል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጸሐፊው ይህን ሳያነሱ ዶላሩን በብር አባዝተው ትልቅ ቁጥር አስቀመጡ። አንድ ወጣት ያንን ቁጥር አይቶ ሽጉጡን በጃኬት ጠቅልሎ ከሐረር በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ደላላ ፍለጋ ቢወርድ ኬላ ላይ የሚያገኘው ገንዘብ አይደለም።

ታዲያ ለምን ይገመታል? ለውርስ ክፍፍል ይገመታል። ለሙዚየም ለመስጠት ይገመታል። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ከሰዎች እጅ በተሰበሰቡ ዕቃዎች የቆመ ነው። ከገንዘቡና ከጥንታዊ ጽሑፎቹ ጋር የጦር መሣሪያም አለበት። እንዲህ ላለ ቦታ የሚሰጥ ሽጉጥ ትልቁ ሀብቱ አብሮት የሚሄደው ወረቀት ነው። የድሮ የፈቃድ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የአርበኝነት ማስረጃ። የባለቤቱ ቃልም ይጠቅማል፣ ግን ተጽፎ። ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረው፣ እሱስ ከማን እንደሰማው ተመዝግቦ። «አባቴ ብሎኛል» ብቻውን ሽጉጡ ሲሸጥ አብሮ ይጠፋል።

ይህን ምላሽ ስጽፍ የአጎቴን ልጅ ደውዬ አንድ ነገር ለመንኩት። ሽጉጡን ፈቃዱ በእጁ ያለው ታላቅ ወንድሙ ባዶነቱን ያረጋግጥ፣ ከዚያ ማታ መብራት አጥፍታችሁ በባትሪ ከጎን አብሩበት አልኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ፎቶ ላከልኝ። በግራ በኩል፣ ከኒኬሉ ሥር፣ ሁለቱ ፊደላት እንደ ጥላ ይታያሉ። በቀኝ በኩል ሞረዱ ብዙ አልደረሰም። ቁጥሩ ላይም ታችም ይነበባል። አንድ ነው። ይህን ቁጥር ዓመታቸው ካልተፋቀ ሌሎች ቤሬታዎች ቁጥር ጋር ካስተያየነው የተሠራበትን ዓመት መጠጋት እንችላለን። «ኒኬሉን ላስነሳው እንዴ?» አለኝ። እንዳለ ተወው አልኩት። ፎቶዎቹን አሳትሞ፣ ከኋላቸው ቀኑን ጽፎ፣ ከአያታችን የፈቃድ ወረቀት ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጧቸዋል።